ትምህርት አልገባው ያለው ሊቅ

ሰባት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት ውሎ አንዲት ቁምነገር ይዞ መውጣት ያቃተው ልጅ ዛሬ ቢያጋጥመን ምን እናደርጋለን? ወላጆቹ አስጠኚ ይቀጥራሉ፡፡ አስጠኚው ተስፋ ሲቆርጥ ሐኪም ዘንድ ይወስዱታል፡፡ ሐኪሙም መላ ካጣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ልጁ ሌላ ሙያ ቢለምድ ይሻላል ብሎ ይፈርዳል፡፡ እኩዮቹ ጥለውት ሲያልፉ፣ ታናናሾቹ ደርሰውበት ሲቀድሙት ልጁ ራሱ ምን እንደሚሰማው ግን የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም፡፡ ማታ ተጋድሞ እኔ ለምን ተፈጠርኩ እያለ የሚያሰላስል ልጅ በየሰፈሩ አለ፡፡

ነገሩ የልጆች ብቻ አይደለም፡፡ ዲግሪውን ጭኖ፣ ቢሮ ይዞ፣ ደመወዙ አድጎ፣ ትዳር መሥርቶም ይኸው ጥያቄ የማይለቀው ብዙ ሰው እናውቃለን፡፡ ሥራው ይሠራል፣ ወሩ ያልቃል፣ ዓመቱ ይዞራል፡፡ ግን ይህ ሁሉ ለምን የሚለው ነገር መልስ አያገኝም፡፡ አንዳንዱ መጽሐፍ ያገላብጣል፣ አንዳንዱ ሥልጠና ይገባል፣ አንዳንዱም መጠጥ ቤት ያመሻል፡፡

ከ600 ዓመታት በፊት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይህን ጥያቄ ከነሕመሙ የቀመሰ አንድ ተማሪ ነበር፡፡ ስሙ ጊዮርጊስ ነው፡፡ በኋላ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ተብሎ ከግእዝ ሥነ ጽሑፍ ታላላቅ ደራስያን አንዱ ለመሆን በቅቷል፡፡ ሊቅነቱን ብዙ ሰው ያውቃል፤ ከሊቅነቱ በፊት ያለፉት ዓመታት ግን ብዙ ጊዜ በሩጫ የሚታለፉ ናቸው፡፡ ይህ ጽሑፍ እዚያ ላይ ቆም ማለት ይፈልጋል፡፡

ጊዮርጊስ የተወለደው በ1357 ዓ.ም. አካባቢ ሰግላ በምትባል ቦታ ነው፡፡ በዚህ ምክንያት በብዙ ጽሑፎች ላይ ጊዮርጊስ ዘሰግላ እየተባለም ይጠራል፡፡ አገሩ በዛሬው አጠራር የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል፣ እነ ከላላ፣ ወግዲ፣ ቦረናና መካነ ሰላም የሚገኙበት ምድር ነው፡፡ አካባቢውን ያየ ሰው አይረሳውም፡፡ ላዩ ለጥ ያለ ደጋ ሲሆን ገብስና ስንዴ ይበቅልበታል፡፡ ጥቂት እንደተጓዙ ግን መሬቱ ድንገት ይሰነጠቅና ወደ ዓባይና ወደ ገባሮቹ የሚወርድ ገደል ይሆናል፡፡ ማዶ ያለው ሰው ሲጠሩት ይሰማል፤ እሱ ዘንድ ለመድረስ ግን ቀኑን ሙሉ መውረድና መውጣት ያስፈልጋል፡፡ በመካከለኛው ዘመን ይህ ምድር ዳር አገር አልነበረም፡፡ ነገሥታቱ ድንኳናቸውን እየተከሉ የሚዘዋወሩበት፣ ታላላቅ ገዳማት የተመሠረቱበት የመንግሥቱ እምብርት ነበር፡፡

አባቱ ሕዝበ ጽዮን ይባል ነበር፡፡ በንጉሡ ድንኳን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል የተማረ ካህን ነው፡፡ ይህች ነጥብ ቀላል አይደለችም፡፡ ያልተማረ ሰው ልጅ ትምህርት ባይገባው የሚደነቅ የለም፤ የሊቅ ልጅ ሲሆን ግን ወሬ ነው፡፡ ከልጁ የሚጠበቀው ነገር ገና ሳይወለድ ተቆርጦ ነበር ማለት ይቻላል፡፡ ዛሬም የሐኪም ልጅ ሐኪም፣ የመሐንዲስ ልጅ መሐንዲስ እንዲሆን በሚጠበቅበት ቤት ያደገ አንባቢ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም፡፡

አባት ልጁን ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ላከው፡፡ ከዛሬዋ ደሴ በስተሰሜን ባለው ሐይቅ ላይ የሚገኘው ይህ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን የገነነና እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ነው፡፡ የገዳሙ አለቃ በዐቃቤ ሰዓትነት ማዕረግ ከንጉሡ አማካሪዎች አንዱ ስለነበር ሐይቅ የትምህርት ቦታ ብቻ ሳይሆን የቤተ መንግሥት በርም ነበር፡፡ ልጅን ሐይቅ ማስገባት በዛሬ ስሌት ስሙ የታወቀ ዩኒቨርሲቲ እንደማስገባት ያለ ነው፡፡

ገድሉ እንደሚለው ጊዮርጊስ እዚያ ሰባት ዓመት ተቀመጠ፤ ትምህርቱ ግን አልገባህ አለው፡፡ የአብነት ትምህርት ቤትን ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገምታል፡፡ ትምህርቱ የቃል ነው፡፡ ሁሉም ጮክ ብሎ ያነበንባል፤ መምህሩ አንድ በአንድ እየጠራ ያስቀጽላል፡፡ ያልያዘ ተማሪ የሚደበቅበት ጥግ የለም፡፡ ውጤቱ በወረቀት ተጽፎ በፖስታ የሚላክ ሳይሆን በየቀኑ በጓደኛ ፊት የሚነገር ነው፡፡ ጓደኞቹ ይስቁበት እንደነበር ገድሉ አልሸሸገም፡፡

በመጨረሻ መምህሩ ተስፋ ቆረጠና ልጁን ወደ አባቱ መለሰው፡፡ አባትየው ግን ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን መልሼ አልወስድም ብሎ ወደ ገዳሙ እንደመለሰው ይተረካል፡፡ ይህን ክፍል የአባትየውን ጽናት ለማሳየት የሚጠቅሱት ብዙዎች ናቸው፡፡ እኔ ግን ሳነበው የሚታየኝ ልጁ ነው፡፡ ትምህርት ቤቱ አልፈለገውም፡፡ ቤቱም አልተቀበለውም፡፡ አባቱ በፍቅርና በእምነት ያደረገው ነገር ለልጁ መሄጃ ማጣት ሆነበት፡፡ በገዳሙ የሚኖርበት ምክንያት ትምህርት ነበር፤ ትምህርቱ ደግሞ እንደማይሆን በአደባባይ ተነግሮታል፡፡ ታዲያ አሁን እዚያ የሚቀመጠው ምን ሆኖ ነው?

ጊዮርጊስ ያገኘው መልስ ወፍጮ ነው፡፡

የሞተር ወፍጮ ለለመደ የከተማ ሰው የእጅ ወፍጮን ነገር ማስረዳት ሳያስፈልግ አይቀርም፡፡ ሰፊ ድንጋይ በመደብ ላይ ይተከላል፡፡ እህሉ በላዩ ይደረጋል፡፡ የሚፈጨው ሰው በጉልበቱ ተንበርክኮ ወይም ጎንበስ ብሎ መጁን በሁለት እጁ ይዞ ወደፊት ይገፋል፣ ወደኋላ ይስባል፡፡ ወገብ ይቆርጣል፣ መዳፍ ይልጣል፡፡ ለጥቂት ሰው የሚሆን ዱቄት ለማውጣት ሰዓታት ይፈጃል፡፡ በአገራችን ይህ ሥራ የሴቶች ሸክም ሆኖ የኖረ ነው፤ እናቶቻችን ከዶሮ ጩኸት በፊት ተነስተው የፈጩት እህል ታሪክ ገና በቅጡ አልተጻፈም፡፡ ሴት በማይገባበት ገዳም ደግሞ የሚፈጩት ወንዶች ናቸው፡፡ ሁሉም የሚሸሸው ሥራ ነው፡፡ ለሊቅነት የሚታጨው ተማሪ መጽሐፉን ሲያጠና፣ ጊዮርጊስ ለማኅበሩ የሚሆነውን እህል ይፈጭ ነበር፡፡

ዛሬ ቢሆን ወደ ጓዳ ተገፋ እንላለን፡፡ ምናልባትም ነበር፡፡ ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፡፡ ጊዮርጊስ መኮብለል ይችል ነበር፡፡ በዚያ ዘመን ከትምህርት ቤት የጠፋ ተማሪ ታሪክ አዲስ ነገር አይደለም፡፡ እሱ ግን ቆየ፡፡ ሌሎቹ የሚማሩት እሱ የፈጨውን በልተው ነው፡፡ ሊቅ መሆን ካልቻለ ሊቃውንቱን የሚያበላ ሰው መሆን ይችላል ማለት ነው፡፡ እንዲህ ብሎ አስቦ ይሁን አይሁን ገድሉ አይነግረንም፤ ያደረገው ነገር ግን ይኸው ነው፡፡ ቀን እየፈጨ፣ ሌሊት በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ እያለቀሰ ይለምን ነበር፡፡ ማለት ትምህርቱንም አልተወም፣ ወፍጮውንም አልተወም፡፡

የቀረውን በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፡፡ እመቤታችን ተገልጣ ጽዋ አጠጣችው፣ ከዚያ በኋላ ምስጢር ሁሉ ተገለጠለት ይላል ትውፊቱ፡፡ ሰባት ዓመት አንዲት ቁምነገር ያልያዘው ልጅ ጓደኞቹን ጥሎ ሄደ፡፡ ይህን በእምነት የሚቀበል አንባቢ አለ፤ በሌላ መንገድ ሊያስረዳው የሚሞክርም አለ፡፡ ሰባት ዓመት ከዳር ተቀምጦ ሲሰማ የኖረው ሁሉ አንድ ቀን ተያይዞ ቦግ አለለት የሚል ሰው አጋጥሞኛል፡፡ እኔ ተአምሩን ለመተርጎም አልደፍርም፡፡ የሚገርመኝ ገድሉ ያስቀመጠው ቅደም ተከተል ነው፡፡

ከቅዱስ ያሬድ ታሪክ ጋር ሲነጻጸር ነገሩ ይበልጥ ይታያል፡፡ ያሬድም ትምህርት እምቢ ብሎት እንደነበር ይተረካል፡፡ እሱ ከትምህርት ቤት ጠፍቶ ሲሄድ ዛፍ ላይ ለመውጣት ደጋግማ የምትወድቅ ትል አየ፤ በሰባተኛው ስትወጣ አይቶ ተጽናናና ተመለሰ፡፡ እዚያ ትምህርቱ ደጋግሞ መሞከር ነው፤ ለዚህም ይመስላል አስተማሪዎቻችን ሁሉ የሚወዱት፡፡ የጊዮርጊስ ግን እንዲህ አይደለም፡፡ እሱ ሰባት ዓመት ሞክሮ ወድቋል፡፡ ጥረቱ ፍሬ አላፈራም፡፡ ጸጋው የመጣለት ከዚያ በኋላ፣ ያለ ጸጋም ቢሆን ለሰው የሚጠቅምበትን ቦታ ካገኘ በኋላ ነው፡፡ ብዙዎቻችን የምናስበው በተቃራኒው ነው፡፡ መጀመሪያ ተሰጥኦዬን ልወቅ፣ ዓላማዬን ልለይ፣ ከዚያ ሥራ እጀምራለሁ እንላለን፡፡ እሱ ዓላማው ሳይታወቀው ሥራውን ጀምሮ ነበር የቆየው፡፡

ከሐይቅ የወጣው ጊዮርጊስ የገባው ቤተ መንግሥት ነው፡፡ ዘመኑ የዐፄ ዳዊት ዘመን ነበር፤ ዳዊት ከ1374 እስከ 1406 ዓ.ም. ገደማ የነገሠ ሲሆን በእሱ ጊዜ አገሪቱ ዓይኗን ወደ ውጭ የገለጠችበት ወቅት ነው፡፡ በ1394 ዓ.ም. መልእክተኞቹ ቬኒስ ደርሰዋል፡፡ ተአምረ ማርያም ወደ ግእዝ የተተረጎመውም በዚሁ ንጉሥ ዘመን ነው፡፡ መጽሐፍ የሚወድ ንጉሥና መጻፍ የሚችል ሊቅ ተገናኙ፡፡ ጊዮርጊስ የንጉሡን ልጆች ያስተምር እንደነበር ይነገራል፤ ከእነሱም አንዱ በኋላ ራሱ መጽሐፍ ጸሐፊ የሆነው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንደሆነ ብዙዎች ያምናሉ፡፡ ንጉሡ ሴት ልጁን ሊድርለት አስቦ እንደነበር፣ እሱ ግን ምንኩስናን እንደመረጠም ይተረካል፡፡

መጻፍ ከጀመረ በኋላ አላቆመም፡፡ አርጋኖን የሚባለውና ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ የተዘጋጀው የእመቤታችን ምስጋና የእሱ ነው፡፡ ስለ መስቀል ጽፏል፡፡ ፍካሬ ሃይማኖት የተባለ የእምነት መግለጫም አለው፡፡ ከሁሉ ይልቅ ግን በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ የገባው ሰዓታቱ ነው፡፡ የቀኑንና የሌሊቱን የጸሎት ጊዜያት የሚመራው ይህ መጽሐፍ በገዳም ብቻ ሳይወሰን በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የሚቆም ሆነ፡፡ በዚህም ምክንያት በዓለ ሰዓታት ይሉታል፡፡ በሌሊት ከወፍጮ ተነስቶ በሥዕል ፊት ይቆም የነበረ ሰው ለአገሩ የሌሊት ጸሎት ደረሰ ማለት ነው፡፡

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ የስኬት ታሪክ ይሆን ነበር፤ ዛሬ በየአዳራሹ እየተከፈለ የሚሰማው ዓይነት፡፡ አላበቃም፡፡

ዘመኑ የሃይማኖት ክርክር ዘመን ነበር፡፡ የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ሆና እንድትከበር ሲጠይቁ አገሩ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፡፡ ጊዮርጊስ ሁለቱም ሰንበታት ይከበሩ ከሚሉት ወገን ሆኖ በጽሑፉ ተሟግቷል፡፡ በሌላ በኩል በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ቢቱ ከሚባል ሰው ጋር በሃይማኖት ነገር ተከራክሮ እንደረታው ገድሉ ይተርካል፡፡ መርታት ሁልጊዜ ጥቅም አያመጣም፡፡ ጠላት በዛበት፣ ከንጉሡ ጋር አጣሉት፣ ታሰረም፡፡ ሊቀ ሊቃውንት ሲባል የነበረ ሰው በአንድ ጊዜ እስረኛ ሆነ፡፡ ሁኔታው የተለወጠው ዙፋኑ ከዳዊት ወደ ልጆቹ ሲሸጋገር ነው፡፡

ሰው በሥራው የሚታወቅ ሲሆን ሥራውን ሲነጠቅ ማን ይሆናል? ይህ ጥያቄ ከሹመት የወረደ፣ ከሥራ የተቀነሰ፣ ወይም ጡረታ የወጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፡፡ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቪየናው ሐኪም ቪክቶር ፍራንክል ከናዚ የማጎሪያ ካምፖች በሕይወት ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚህ ጉዳይ ሰፋ አድርጎ ጽፏል፡፡ እንደ እሱ አመለካከት ሰው የሕይወቱን ትርጉም ከሕይወት የሚጠይቅ አይደለም፤ ይልቁንም በየሰዓቱ የሚጠየቀው እሱ ራሱ ነው፡፡ መልሱንም የሚሰጠው ከፊቱ ባለው ሥራ፣ በሚወደው ሰውና ሊያመልጠው በማይችለው መከራ ነው፡፡ የቪየናው ሐኪምና የሰግላው መነኩሴ በእምነትም በዘመንም አይገናኙም፡፡ ይሁንና ፍራንክልን ካነበብኩ በኋላ ወደ ገድሉ ስመለስ ወፍጮው ሌላ መልክ ይዞ ታየኝ፡፡ ሁሉን አጥቶ መቀመጥን ጊዮርጊስ በልጅነቱ ተለማምዶታል፡፡ በወጣትነቱ ሁሉ የተሳካለት ሰው በአርባና በሃምሳ ዓመቱ ሲወድቅ የሚሰበረውን ያህል እሱ አልተሰበረም፡፡

ማረፊያውን ያደረገው በአገሩ በጋስጫ ነው፡፡ ገዳሙ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፡፡ ከቤተ መንግሥት ድንኳን፣ ከክርክርና ከወሬ ርቆ ወደ ገደሉ አፋፍ መመለሱን አንዳንዶች እንደ ሽንፈት ሊያዩት ይችላሉ፡፡ ግን ትልቁ ሥራው መጽሐፈ ምስጢር የተፈጸመው በሕይወቱ ማብቂያ፣ በ1416 ዓ.ም. ነው፡፡ በየበዓላቱ የሚነበቡ 30 ያህል ድርሳናትን የያዘ ሲሆን ከጥንቶቹ ከእነ ሰባልዮስ፣ አርዮስና ንስጥሮስ ጀምሮ መናፍቃን የሚላቸውን አንድ በአንድ እየጠቀሰ ይሞግታል፡፡ ግእዙ ከባድ ነው፡፡ በመጻሕፍት ቤት ያለፉ ሰዎች እንኳ ቁጭ ብለው የሚታገሉት ድርሰት ነው፡፡ ይህን የጻፈው ፊደል አልገባው ብሎ የተመለሰ ልጅ መሆኑን ሲያስቡት ሌላ ነው፡፡

መጽሐፉን በጨረሰ በዓመቱ፣ ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም. አረፈ፡፡ ዕድሜው ወደ 60 ገደማ ነበር፡፡ የተሟገተለት የሁለቱ ሰንበታት ጉዳይ እሱ በሕይወት ሳለ እልባት አላገኘም፡፡ ከሞተ ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ዘርዐ ያዕቆብ ቅዳሜም እሑድም ይከበሩ ብሎ ወሰነ፡፡ የጊዮርጊስ ተማሪ ነበር የሚባለው ንጉሥ መሆኑ ነው፡፡

ከአብነት ትምህርት ቤት ውጭ ያለው ዓለም እሱን በደንብ ያወቀው በቅርቡ ነው፡፡ ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 በታተመው የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪካቸው ስለ ዘመኑና ስለ ሰውየው ጽፈዋል፡፡ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ፍካሬ ሃይማኖትን አጥንተዋል፡፡ ገድሉን ፈረንሳዊው ዤራር ኮለን እ.ኤ.አ. በ1987 ከነትርጉሙ አሳትሞታል፡፡ መጽሐፈ ምስጢርን ደግሞ ኢጣሊያ ያስተምሩ የነበሩት ያዕቆብ በየነ ወደ ኢጣሊያንኛ ተርጉመው እ.ኤ.አ. በ1990 እና በ1993 አውጥተውታል፡፡ እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብተን የአውሮፓ ፈላስፎችን ስም ስንሸመድድ የኖርን ሰዎች ግን ከእነዚህ አንዱንም ሳናይ ተመርቀናል፡፡ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መነጋገር ለሌላ ጊዜ ይቆይ፡፡

ዕረፍቱ የሚታሰብበት ሐምሌ 7 ዓመታዊው የሥላሴ በዓል ስለሆነ በከተማ አብዛኛው ሰው ወደ ሥላሴ ይሄዳል እንጂ ስለ ጋስጫው መነኩሴ የሚያነሳ ጥቂት ነው፡፡ በጋስጫ በኩል ወሩ ክረምቱ የሚበረታበት፣ ወንዞቹ የሚሞሉበትና ጭቃው የሚይዝበት ነው፡፡ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ፍልሰታ ሲገባ በየአጥቢያው ሰዓታት ይቆማል፡፡ በአዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ በድምፅ ማጉያ ሲመጣ እንቅልፍ የነሳው ጎረቤት አንዳንዴ ያጉረመርማል፤ አንዳንዱ ደግሞ ነቅቶ ያዳምጣል፡፡